ከጣና ዳር እስከ ገበታ፦ አሳን መድኃኒት ከተላመዱ ጀርሞች መጠበቂያ መመሪያ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሕር ዳር ላይ የአሳ ዋጋ ይንራል። አሳ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ጥድፊያው ነው። ገዢ ሲበዛ በአንድ ቢላ የሚሰናዳው አሳ ይበዛል፣ የባልዲው ውኃ ሳይቀየር ይውላል፣ ፊሌቶው በረዶ ሳያይ ከጣና ዳር ተነስቶ ዳንግላና እንጅባራ ይደርሳል። ማታ የአንዱ ሆድ ይረበሻል። ጠዋት ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ሲፕሮ ከሚባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ጥቂት ፍሬ ይገዛል፣ ሲሻለው ያቆማል። አንዳንዴ ግን አይሻለውም፤ ሌላ መድኃኒት ይቀየርለታል፣ እሱም አልይዝ ይላል።

ይህን የጻፍኩት አሳ ገዝቶ ቤቱ ለሚያበስል፣ ምግብ ቤት ለከፈተና አሳ ለሚነግድ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ መድኃኒት የተላመደ ጀርም እሳት አልተላመደም። ሲፕሮ የማይገድለው ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ)፣ ሲፕሮ ከሚገድለው እኩል በሙቀት ይሞታል። ሳሙናና በረኪናም እንዲሁ ያገኙታል። ስለዚህ ጀርሙን ሆድ ከመግባቱ በፊት፣ ገና ቢላው፣ መክተፊያውና ድስቱ ላይ እያለ መያዝ ነው የሚያዋጣው። ሆድ ከገባ በኋላ ምርጫችን ይጠባል።

ከምን ጋር ነው የምንታገለው?

አሳ ላይ የሚገኙት ጎጂ ባክቴሪያዎች በሁለት በር ይገባሉ። አንዳንዶቹ የውኃው ነዋሪዎች ናቸው። ኤሮሞናስ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ በተፈጥሮው ይኖራል። የቪብሪዮ ዘመዶች አብዛኞቹ የባሕር ናቸው፤ ኮሌራን የሚያመጣው ቪብሪዮ ግን ጨው አልባ ውኃም ይስማማዋል። ሊስቴሪያ በአፈርም በውኃም አለ፤ ክፋቱ ፍሪጅ ውስጥ ሳይቀር መራባቱ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡርን ጽንስ እስከ ማስወረድ ያደርሳል።

ሌሎቹ የአሳው አይደሉም፣ የእኛ ናቸው። ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና በሽታ አምጪው ኢ. ኮላይ ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር በፍሳሽ፣ በዝንብና ባልታጠበ እጅ ይመጣሉ። ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የሚባለው ደግሞ ከአፍንጫችን፣ ከቆዳችንና ከቁስላችን ይወርዳል።

መድኃኒት መላመዱ ከየት መጣ? የጣና አሳ በመረብ የሚያዝ የዱር አሳ ነው፤ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ አልበላም። በእርባታ አሳ የታወቁ አገሮች ጉዳይ ይለያል። ቺሊ ውስጥ ሳልመን አርቢዎች ፀረ-ባክቴሪያ በብዛት በመጠቀማቸው ለዓመታት ሲወቀሱ ኖረዋል። ኖርዌይ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ አሳዎቹን መከተብ አስለምዳ የመድኃኒት ፍጆታዋን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሳለች፤ ምርቷ ግን ብዙ እጥፍ አድጓል። የእኛ ችግር መኖ ውስጥ አይደለም። ሰው የዋጠው ፀረ-ባክቴሪያ ከፊሉ ሳይለወጥ በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣል፤ መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችም አብረውት ይወጣሉ። የመኖሪያ ቤት፣ የሆቴልና የጤና ተቋም ፍሳሽ፣ የከብትና የዶሮ ፍግ፣ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ነው የሚሄደው፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ሐይቁ ነው።

እዚያ ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ችሎታቸውን ይወራረሳሉ። ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ክብ የዘር ቁራጭ አላቸው፤ መድኃኒትን የማክሸፊያው ዘዴ ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ላይ ነው። ይህ ቁራጭ ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሰው የማያሳምም የውኃ ባክቴሪያ ሳይቀር ለሳልሞኔላ ሊያቀብል ይችላል። አንዳንዱ እንዲያውም መማር አያስፈልገውም፦ አብዛኛው ኤሮሞናስ ከተፈጥሮው አምፒሲሊን የሚባለው መድኃኒት አይነካውም፣ የዚያው ቤተሰብ የሆነው አሞክሲሲሊንም እንዲሁ።

ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል፤ ከባዱ ሸክም ያረፈው ደግሞ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አሳውን ስትመርጡ

ጣና ላይ መረብ የሚጣለው ብዙውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ነው፤ የሚነሳው ጠዋት። ስለዚህ «ዛሬ የወጣ ነው» ሲባል እውነት ቢሆንም፣ ከፊሉ አሳ መረቡ ላይ ሌሊቱን ሞቶ ያደረ ሊሆን ይችላል። ነጋዴውን አትውቀሱት፤ አሳውን ራሱን ጠይቁት።

ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ከተዝለገለገ ተዉት። ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን፤ ጎድጎድ ብሎ ከደፈረሰ ቆይቷል። ሥጋውን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ሊመለስ ይገባል፣ ጉድጓድ ሆኖ መቅረት የለበትም። ሽታው የሐይቅ ይሁን። ቀረሶ ላይ ቅርፊቱ ጠበቅ ብሎ መያዙን ተመልከቱ፤ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በስንጥቡና በሆዱ ነው የሚለየው፤ ሆዱ ከተነፋ ወይም ከለሰለሰ አትግዙ።

ፊሌቶ ከሆነ ማወቂያው ያንሳል፤ ስንጥብም ዓይንም የለም። ለዚህ ነው በደህና ቀን ሙሉ አሳ ገዝቶ ዓይናችን እያየ ማሰናዳቱን የምመርጠው።

አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ይህ ሁሉ ምርመራ የሚነግራችሁ አሳው አለመበላሸቱን ነው። ሳልሞኔላ ሽታ የለውም፤ መድኃኒት የተላመደው ካልተላመደው በዓይን አይለይም። ትኩስ አሳ መግዛት ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ከዚህ በኋላ ያሉትን ደረጃዎች አያስቀርም።

ደረጃ 2፦ ቢላው፣ ባልዲውና ጨርቁ

«እትዬ፣ ላሰናዳልዎት?» ይላል አሳ የሚያሰናዳው ልጅ፣ እናንተም ትሰጡታላችሁ። እጁ የሚገርም ነው፦ ከጭንቅላቱ ሥር አንድ ጊዜ፣ በጀርባ አጥንቱ ላይ ወደ ጭራው አንድ ጊዜ፣ ገልበጥ፣ ቆዳውን ገፈፍ፣ ሁለት ነጭ ፊሌቶ። ከዚያ ፊሌቶውን ባልዲው ውስጥ ነከር ያደርገዋል። ባልዲውን ተመልከቱት። ውኃው ጠዋት ከሐይቁ የተቀዳ ነው፤ አሁን ግራጫ ሆኖ ቀላ ብሏል፣ ቅርፊትና የሆድ ዕቃ ብጣሽ ይንሳፈፍበታል። ከእናንተ አሳ በፊት ስንት አሳ ታጥቦበታል። ቢላው በጨርቅ ተጠርጎ ነው የሚቀጥለው፤ ጨርቁ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እርጥብ ነው። ጨርሶ ሒሳብ ሲቀበል በዚያው እጁ ብሩን ይቆጥራል።

የጤናማ አሳ ሥጋ ውስጡ ከባክቴሪያ የጸዳ ነው ማለት ይቻላል። ጀርሙ ያለው ቆዳው ላይ፣ ስንጥቡ ውስጥና አንጀቱ ውስጥ ነው። ንጹሕ ሥጋን የሚያበላሸው ያ ባልዲና ያ ቢላ ነው። እንግዲህ፦

ሆድ ዕቃው ሳይቀደድ ሙሉውን ይውጣ። አንጀቱ ከፈሰሰ ያ ክፍል ወዲያው በንጹሕ ወራጅ ውኃ ይታጠብ። ሆድ ዕቃ የወጣበት ቢላ ሳይታጠብ ፊሌቶ አይንካ፤ ሁለት ቢላ መያዝ ደግሞ የተሻለ ነው። ፊሌቶው ባልዲ ውስጥ አይነከር፤ ከጀሪካን በሚንቆረቆር ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ገዢ ከሆናችሁ በጀሪካን ውኃ ይዛችሁ ሂዱ፤ «በዚህ እጠብልኝ» ማለት ነውር የለውም፣ ሁለት ሦስቴ ካላችሁ በኋላ ልጁ ራሱ ይለምደዋል። ውኃው የሐይቅ ከሆነ ቀድሞ በውኃ አጋር ወይም በሌላ የክሎሪን ማከሚያ፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ይታከም።

የሚነግዱት ደግሞ የተሰነጣጠቀ የእንጨት መክተፊያቸውን ይቀይሩ። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ደም አይወጣም፤ ባክቴሪያ እዚያ ተጣብቆ ስስ ሽፋን ይሠራና ሳሙናም ክሎሪንም በቀላሉ አይደርስበትም። ማታ ቢላውና መክተፊያው በሳሙና ከተፈተገ በኋላ በበረኪና ውኃ ይነከር፤ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ 1 የሾርባ ማንኪያ ለ4 ሊትር ውኃ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ቆሻሻ ባለበት ክሎሪን አቅሙን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ለሽታ ብላችሁ ሎሚ ወይም አቼቶ የምትጠቀሙ ከሆነ አጥባችሁ ካለቃችሁት በኋላ ብቻ በረኪናውን አምጡ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለሳንባ አደገኛ ጋዝ ይወጣል።

እጁ ላይ ቁስል ወይም እባጭ ያለበት፣ ወይም የሚያስቀምጠው ሰው፣ እስኪሻለው አሳ አይንካ። የዕለት እንጀራ ለሚያገኝበት ልጅ ይህ ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ቁስሉ በፋሻ ይጠቅለልና ጓንት ይደረግበት።

ደረጃ 3፦ መንገድ

ኢ. ኮላይ በሚመቸው ሙቀት በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የነበረ 1 ባክቴሪያ በዚያ ፍጥነት ቢራባ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ፊሌቶ በፌስታል ተቋጥሮ ባጃጅ ላይ፣ ከዚያ አውቶቡስ ጣራ ላይ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ሲውል የሚሆነው ወደዚህ የቀረበ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ መቆሙ ሳይቆጠር።

አደገኛው ክልል ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አሳውን ከ5 በታች የሚያቆየው በረዶ ብቻ ነው፣ በእኛ አየር መለኪያውም 1 ኪሎ በረዶ ለ1 ኪሎ አሳ ነው። በረዶው ይከስከስ፤ ትልቅ ብሎክ አሳውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ነው። ከሥር በረዶ፣ በላዩ አሳ፣ በላዩ በረዶ ይደርደር፤ የቀለጠው ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ አሳው በራሱ እጣቢ ውስጥ ይዋኛል። የበረዶው ውኃ ምን እንደሆነ መጠየቅም አትርሱ፤ ባክቴሪያ በበረዶ ውስጥ አይሞትም፣ ያንቀላፋል እንጂ።

በረዶ ካልተገኘ ከተገዛ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ ወይም ወደ ድስት ይግባ። ይህ የማይቻል ከሆነ አሳው ሩቅ አይሂድ። መራዊ ያለ ሰው ከባሕር ዳር በፌስታል ከሚያስመጣ ከቆጋ ግድብ የወጣ ትኩስ አሳ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ደረጃ 4፦ ኩሽና

ጥሬ አሳ ፍሪጅ ውስጥ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ጠብታው ሰላጣ ላይ እንዳይወርድ። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይበሰል፣ አለበለዚያ ይቀዝቅዝ። ዲፕ ፍሪዘር ባክቴሪያን አይገድልም፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን መቆየት የሚገድለው የአሳ ትላትልን ነው። የቀዘቀዘው ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ፤ ቀኑን ሙሉ ሳፋ ላይ ተዘርግቶ አይዋል።

ጎጃም ውስጥ ብዙ ቤት የሚፈጸመው ስህተት ይህ ነው፦ አሳው የተከተፈበት መክተፊያ ውኃ ፈሰስ ተደርጎበት ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፍበታል። አሳው ድስት ይገባና ጀርሙ ይሞታል። ጥሬው ስልስና ሰላጣው ግን እሳት ስለማያይ ጀርሙን በሕይወት ይዞ ገበታ ላይ ይቀርባል። አትክልቱ ቀድሞ ይከተፍ፣ አሳው በመጨረሻ። የሚታጠበውም በወጥ ቤት ጨርቅ ሳይሆን በሳሙናና በስፖንጅ ነው፤ ስፖንጁንም አፍልታችሁ አድርቁት።

ደረጃ 5፦ እሳት

የአሳው ወፍራም ክፍል መሐል 70 ዲግሪ ሲደርስ የሚያሰጉን ባክቴሪያዎች፣ መድኃኒት የተላመዱትም ያልተላመዱትም፣ በአጭር ጊዜ ያልቃሉ። ቴርሞሜትር ያለው ጥቂት ነውና በዓይን ለዩት፦ ሥጋው ብርሃን ማስተላለፉን ትቶ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል፣ በሹካ ሲነካ በየንብርብሩ ይለያያል፣ ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል። አጥንቱ ሥር ሮዝ ደም ካለ አልበሰለም።

ሙሉ ቀረሶ ሲጠበስ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ በጣም ከጋለ ቆዳው ወዲያው ይጠበሳል፣ ጀርባው ውስጥ ግን ጥሬ ይቀራል። ሁለቱንም ጎን እስከ አጥንቱ ሦስት አራት ቦታ ሸንትሩት፤ ቅመሙም ሙቀቱም ይገባል። ከፍሪዘር ወጥቶ መሐሉ ገና በረዶ የሆነ አሳ ዘይት ውስጥ አይግባ።

ወጥ ስትሠሩ ከፍታውን አስቡ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ባሕር ዳር ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 2,400 ሜትርን በሚያልፈው ደብረ ማርቆስ ወደ 92 ይወርዳል። ለጀርም ይህም ከበቂ በላይ ነው፤ ብቻ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ወጡ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳልና አትቸኩሉ። አሳው ከገባ በኋላ ወጡ ተንተክትኮ ይቆይ።

የአሳ ዱለትና ለብለብ፣ ከዚያም ጥሬው የአሳ ክትፎ። እዚህ ላይ ከወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ሎሚ ሲጨመቅበት ሥጋው ነጭ ስለሚሆን የበሰለ ይመስላል፤ ሎሚው የነካው ግን ፕሮቲኑን ነው፣ ሳልሞኔላን በሚታመን ሁኔታ አይገድልም። ሚጥሚጣውና አዋዜው ምላስን እንጂ ባክቴሪያን አያቃጥሉም። «አረቄ ይገድለዋል» የሚለውም ቀልድ ነው፤ ሆድ ውስጥ ከምግብ ጋር የተቀላቀለ አረቄ ጀርም ለመግደል የሚበቃ ጥንካሬ አይኖረውም። ለብለብ ለማዘዝ ከቆረጣችሁ «በደንብ ይብሰልልኝ» በሉ፤ አስተናጋጁ ትንሽ ቅር ይለው ይሆናል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያንና ኤች.አይ.ቪ ወይም ስኳር ላለበት ሰው ግን ጥሬ አሳ ጨርሶ አይቅረብ።

እሳት የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ስታፊሎኮከስ ምግቡ ላይ ሲራባ መርዝ ያመነጫል፤ ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ መፍላትን ይቋቋማል። በተበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንገት የሚያስመልሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ የዋለ አሳን «አፈላዋለሁ» ብሎ ማዳን አይቻልም። የተረፈ ጉላሽም በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ሲሞቅ ተንተክትኮ ይሙቅ፣ አንዴ ብቻ።

ደረጃ 6፦ ቋንጣና ቆርቆሮ

የአሳ ቋንጣ ከጣና ዳር እስከ ሱዳን ድረስ ሲሸጥ የኖረ ምግብ ነው። ጨውና ፀሐይ አብዛኛውን ጀርም ያዳክማሉ፤ ስታፊሎኮከስ ግን ጨው ከሚችሉት ነውና ዘልዛዩ እጁን ይታጠብ። መሬት ላይ አይሰጣ፤ ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ዝንብ በማያስገባ ወንፊት ተሸፍኖ ይድረቅ። ውኃ ሲነካው ባክቴሪያው ይነቃል፤ የተነከረ ቋንጣ ወዲያው ይበሰል።

የባሕር አሳ ለእኛ አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ ቱና ነው፤ በፋብሪካ ታሽጎ በ121 ዲግሪ አካባቢ ስለሚታከም ከጀርም አንጻር ከፊሌቶው ይልቅ ያስተማምናል። ያበጠ፣ ያፈሰሰ ወይም ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ቆርቆሮ ግን ሳይከፈትና ሳይቀመስ ይጣል።

ደረጃ 7፦ የአሳ እሾህ ሲወጋ

የቀረሶ የጀርባ እሾህ ጣት ሲወጋ ቀልድ ይመስላል። ኤሮሞናስ ግን በቁስልም ይገባል። ደሙ ትንሽ ይፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ወራጅ ውኃና በሳሙና ቢያንስ 5 ደቂቃ ይታጠብ፣ ይሸፈን። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ይቅር፤ ቴትራሳይክሊን ሆነ አምፒሲሊን በዚህ መንገድ የሚያደርገው ቆዳ ላይ ያሉትን ጀርሞች ማስለመድ ነው። መቅላቱ እየሰፋ፣ እያበጠ፣ እየጠቆረ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ቴታነስ ያልተከተበ ሰው ስለ ክትባቱም ይጠይቅ።

ደረጃ 8፦ ሆድ ሲረበሽ

«ወንድሜ፣ ለሆድ ሲፕሮ ስጠኝ።»
«ስንት?»
«ሁለት ፍሬ ይበቃኛል።»

ፀረ-ባክቴሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ አይፈቀድም፤ ይህ ንግግር ግን በየከተማው አለ። ሁለት ፍሬ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና ጠንካሮቹን ሜዳው ላይ ብቻቸውን ይተዋቸዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነበር፦ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ጀርምን ያስተምራል።

ከአሳ የመጣ ተቅማጥ አብዛኛው ያለ ፀረ-ባክቴሪያ በጥቂት ቀን ይድናል። ቀላል የሳልሞኔላ ተቅማጥ ላይ መድኃኒቱ ሕመሙን አያሳጥርም፤ እንዲያውም ጀርሙ አንጀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያረዝም ይችላል። ደም የሚያስቀምጠው አንዱ የኢ. ኮላይ ዓይነት ላይ ደግሞ ፀረ-ባክቴሪያ ኩላሊትን የሚጎዳ ችግር የማስከተል ዕድሉን ይጨምራል ተብሎ ይፈራል። ሆድ የሚያቆም ክኒንም ደም ወይም ትኩሳት ካለ አይወሰድ።

የሚገድለው የሰውነት ውኃ ማለቅ ነው። 1 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ የተረፈው ይደፋ። ልጅ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ጡት አይቋረጥ። ለሕፃናት ጤና ጣቢያው ዚንክ ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥል።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለባችሁ፦ ደም ካለው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውኃ ያለማቋረጥ ከወረደ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቆመ፣ ልጁ ከደነዘዘ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ሆና ትኩሳት ከያዛት ነው።

እዚያ ስትደርሱ ምን እንደበላችሁ፣ መቼና የት፣ አብሯችሁ የበላ ማን እንደታመመ ተናገሩ። ቤት የዋጣችሁትን መድኃኒት አትደብቁ፤ አፍሮ ዝም ማለት ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ መድኃኒት ይመራዋል። ብዙ ቦታ «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ የቀድሞ ሕመምንና የአሁኑን በቅጡ አይለይም፤ በእሱ ብቻ ተደግፎ መድኃኒት መጀመር አገራችን ውስጥ ከሚባክነው ፀረ-ባክቴሪያ ብዙውን የሚወስድ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶቹን በሦስት ሲመድብ አሞክሲሲሊንን በመጀመሪያ አማራጭነት፣ ሲፕሮን፣ አዚትሮማይሲንንና ሴፍትሪያክሶንን ግን ጥንቃቄ ከሚሹት መደብ ውስጥ አስቀምጧል። ከዚያ መደብ ሲታዘዝላችሁ «ዶክተር፣ ለምን ይህ ተመረጠ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ድፍረት አይደለም።

ሕመሙ ከበረታ ወይም የመጀመሪያው መድኃኒት ካልሠራ የሰገራ ወይም የደም ካልቸር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጀርሙ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲበቅል ተደርጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል፤ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ አይሠራውም፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ሊኖርበት ይችላል። ናሙናው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ፤ አንድ ፍሬ እንኳ ከተዋጠ በኋላ ጀርሙ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል።